ገዳሪፍና መተማ፦ ተማሪ ድንበር ሲሻገር ትምህርቱ አብሮት ይሻገራል?

በምሥራቅ ሱዳን የገዳሪፍ ግዛትንና በኢትዮጵያ በኩል የመተማንና የሁመራን አካባቢዎች የሚለየውን ድንበር ሕፃናትና ወጣቶች ላለፉት ስድሳ ዓመታት ገደማ በሁለቱም አቅጣጫ ሲሻገሩት ኖረዋል። አንዳንዴ ጦርነት፣ አንዳንዴ ረሃብ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የእርሻ ሥራ ያሻግራቸዋል። ብዙዎቹ ከቤታቸው ሲነሡ ተማሪዎች ነበሩ።

ዓለም አቀፍ ትምህርትና የባህል ልውውጥ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው የነፃ ትምህርት ዕድል፣ የተማሪዎች ጉብኝት ወይም ዩኒቨርሲቲዎች የሚፈራረሙት የመግባቢያ ሰነድ ነው። በዚህ ድንበር ግን ልውውጡ የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በመጠለያ ጣቢያ በዳስና በድንኳን ሥር በሚከፈት ክፍል ውስጥ ነው። ተማሪው የቀድሞ የውጤት ካርዱን ሳይዝ መጥቶ ይሆናል፤ መጽሐፉም በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ ከእህልና ከመጠለያ ቀጥሎ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ልጁ እዚያ የተማረው እዚህ ይቆጠርለታል? እዚህ የሚማረውስ ሲመለስ ተቀባይነት ያገኛል?

ጥያቄው ዛሬ ሁለቱንም አገራት ይመለከታል። ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ልጆች በገዳሪፍ፣ ከሱዳን የተሰደዱ ልጆች ደግሞ በአማራና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልሎች ይገኛሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት የትምህርት ሥርዓቶች በአንድ መንገድ ላይ

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በገንዳ ውኃ በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከመተማ ማዶ የሱዳኗ ጋላባት ትገኛለች። ከጋላባት በዶካ በኩል ገዳሪፍ ከተማ ለመድረስ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ድንበሩ በሁለቱም ወገን ሰሊጥና ማሽላ የሚመረትበት፣ ጥቁር አፈር ያለው ቆላ ነው። በአረምና በአጨዳ ወቅት የቀን ሠራተኞች ከደጋው ወደ ሁመራና መተማ ይወርዳሉ፤ ብዙዎችም አልፈው እስከ ገዳሪፍ ይዘልቃሉ።

አፈሩና ሥራው ቢመሳሰሉም የትምህርት ሥርዓቶቹ ይለያያሉ። በሱዳን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋው ዓረብኛ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። በኢትዮጵያ ከ1994 የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ቆይቷል። ከሁመራ የተነሣ ልጅ በትግርኛ ወይም በአማርኛ፣ ከመተማ የተነሣ በአማርኛ፣ ከገዳሪፍ የተነሣ በዓረብኛ ፊደል ቆጥሯል ማለት ነው።

የክፍሎቹ አቆጣጠርም አይገጥምም። ሱዳን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ስምንት ዓመት መሠረታዊና ሦስት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ፣ በድምሩ 11 ዓመት የሚፈጅ ሥርዓት ስትከተል ቆይታለች። ከ2019ኙ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ስድስት ዓመት አንደኛ፣ ሦስት ዓመት መካከለኛና ሦስት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ወዳለው የ12 ዓመት ሥርዓት መመለስ ጀመረች። ኢትዮጵያም የቀድሞውን ስምንትና አራት አደረጃጀት በቅርብ ዓመታት ስድስት፣ ሁለትና አራት ወደሚለው ለውጣለች። ስለዚህ “ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ” የሚል ተማሪ ከየት አገርና በየትኛው ዓመት እንደ መጣ ካልታወቀ፣ የትኛው ክፍል ሊመደብ እንደሚገባ መወሰን ያስቸግራል።

ከ1967 የጀመረ ታሪክ

በምሥራቅ ሱዳን የስደተኞች ትምህርት ታሪክ የሚጀምረው በ1967 የመጀመሪያዎቹ ኤርትራውያን ስደተኞች በብዛት ሲገቡ ነው። ብዙም ሳይቆይ በገዳሪፍ አካባቢ ቃላ ኤን ናሃል የተባለው የሰፈራ ቦታ ተመሠረተ። ስደተኞች መሬት ተሰጥቷቸው እያረሱ እንዲኖሩ የታቀደበት ሰፈራ ነበር። በዚህና በኋላ በተከፈቱ ሰፈራዎች የነበሩት ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የሱዳንን ሥርዓተ ትምህርት በዓረብኛ ይከተሉ ነበር። በሌላ በኩል ከኤርትራና ከትግራይ ታጣቂ ንቅናቄዎች ጋር የተያያዙ የእርዳታ ድርጅቶች በራሳቸው ቋንቋ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችን አቋቋሙ። በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ሁለት ልጆች ለሁለት የተለያዩ አገራት ይዘጋጁ ነበር፤ አንዱ በሱዳን ለመኖር፣ ሌላው ወደ አገሩ ለመመለስ።

የ1984 እና 1985 ድርቅና ጦርነት ቁጥሩን በእጅጉ ከፍ አደረገው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን ገቡ፤ ኡም ራኩባን የመሰሉ የመጠለያ ጣቢያዎችም በዓለም ዜና ታወቁ። ብዙዎች ዝናብ ሲመለስ ወደ ቀያቸው ሲመለሱ፣ ሌሎች ግን እስከ ደርግ መውደቅ ድረስ በዚያው ቆዩ። በ1993 በተጀመረው የመመለስ ዘመቻ በሁመራ አካባቢ አዳ ባይ በተባለ ስፍራ የሰፈሩት ተመላሾች ሕይወት በአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ ሎራ ሃሞንድ በሰፊው ተጠንቷል። ከተመላሾቹ ልጆች መካከል በሱዳን የተወለዱና “አገራችሁ” የተባለውን ምድር ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁ ነበሩ።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን (ዩኤንኤችሲአር) ከ1991 በፊት የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን የስደተኝነት ምክንያታቸው አብቅቷል ብሎ ከመጋቢት 2000 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ውሳኔ የዚያን ትውልድ ምዕራፍ በሕግ ዘጋው። ሆኖም በገዳሪፍ፣ በከሰላና በካርቱም የቀሩ፣ ልጆቻቸውንም በሱዳን ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ ቤተሰቦች ብዙ ነበሩ።

ኡም ራኩባ ዳግም ሲከፈት

በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች በወራት ውስጥ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገሩ። አብዛኞቹ በከሰላ ግዛት በሐምዳዬትና በገዳሪፍ ግዛት በሉግዲ በኩል ገቡ። ከድንበሩ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ኡም ራኩባ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ እንደገና የስደተኞች መጠለያ ሆነ። በ2021 መባቻ ደግሞ ቱናይድባህ የተባለው ሁለተኛ ጣቢያ ተከፈተ። በዚያው ዓመት በአማራ ክልል ከተፈጠረው ግጭት የሸሹ የቅማንት ማኅበረሰብ አባላት ገዳሪፍ ገብተው ባቢክሪ በተባለ ጣቢያ ሰፈሩ።

ከስደተኞቹ መካከል መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤትን የመሰሉ ድርጅቶች ጊዜያዊ ክፍሎችን ሲያቆሙ፣ ማስተማሩን በአብዛኛው የያዙት ራሳቸው ስደተኞቹ ናቸው። ክፍያቸው ደመወዝ ሳይሆን ድርጅቶች “ማትጊያ” የሚሉት አነስተኛ ገንዘብ ነበር።

ልጆቹ ሲሻገሩ አስቀድሞም ከትምህርት ርቀው ነበር። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘግተው ነበር፤ በትግራይ ከዚያ ሳይከፈቱ ጦርነቱ መጣ። በክልሉ መደበኛ ትምህርት መልሶ መጀመር የቻለው በ2023 ነው። በኡም ራኩባ ዳስ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት የተማረ ልጅ፣ ከነክፍተቱም ቢሆን፣ አገር ቤት ከቀሩ እኩዮቹ ይልቅ ለትምህርት የቀረበበት ጊዜ ነበር። ያ ትምህርት በየትኛው የምስክር ወረቀት እንደሚመዘገብ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

የማን ሥርዓተ ትምህርት?

በዓለም ዙሪያ የስደተኛ ትምህርት ቤቶች ከሦስት መንገዶች አንዱን ይመርጣሉ። የመጀመሪያው የትውልድ አገርን ሥርዓተ ትምህርት መቀጠል ነው። ልጁ ቋንቋውን ያውቃል፤ መምህራኑም ከማኅበረሰቡ ይገኛሉ፤ ቶሎ የሚመለስ ከሆነ የሚጎድልበት ነገር ያንሳል። ችግሩ የሚመጣው በፈተና ጊዜ ነው። ከአገር ውጭ ያለን ተማሪ የሚፈትን፣ ውጤቱንም የሚያጸድቅ መንግሥት ከሌለ ትምህርቱ ያለ ማስረጃ ይቀራል። ተማሪው ከሸሸው መንግሥት ፈተና መጠየቅም ለብዙዎች የማይታሰብ ነው።

ሁለተኛው የአስተናጋጁን አገር ሥርዓተ ትምህርት መከተል ነው። ብሔራዊ ፈተና፣ ሕጋዊ ሰርተፊኬትና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ በር ያስገኛል። ዩኤንኤችሲአርም በ2019 ባወጣው የስደተኞች ትምህርት ስትራቴጂ ስደተኞች በአገሩ ብሔራዊ ሥርዓት ውስጥ እንዲካተቱ ያሳስባል። ነገር ግን በትግርኛ ወይም በአማርኛ ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ የሱዳንን የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ በዓረብኛ መከታተል አይችልም። ወደ ታች ክፍል ወርዶ ቋንቋውን ከመማር ሌላ አማራጭ ስለማይኖረው፣ ዕድሜው የገፋ ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ ወደ እርሻ ሥራ ወይም ወደ ሌላ ስደት ያመራል።

ሦስተኛው መንገድ የሽግግር ትምህርት ነው። ለተወሰነ ጊዜ በራስ ቋንቋ እያስተማሩ የአስተናጋጁን አገር ቋንቋ አጠናክሮ መስጠት፣ ያመለጡ ዓመታትንም በተጣደፈ መርሐ ግብር ማካካስ ማለት ነው። ከሦስቱ የተሻለው እንደሆነ ብዙ የመስኩ ባለሙያዎች ይስማማሉ፤ ነገር ግን ሁለት ቋንቋ የሚያውቁ መምህራንን፣ መጻሕፍትንና ለዓመታት የማይቋረጥ ገንዘብን ይጠይቃል። የእርዳታ በጀት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው በዓመት በዓመት ነው።

የጎረቤት አገር ተሞክሮ ትምህርት ይሰጣል። ከዳርፉር ወደ ምሥራቅ ቻድ የተሰደዱ ሱዳናውያን ልጆች ለዐሥር ዓመታት ያህል የሱዳንን ሥርዓተ ትምህርት ሲማሩ ቆይተው፣ ከ2014 ጀምሮ ወደ ቻድ ሥርዓት እንዲገቡ ተወሰነ። ወላጆች ማንነታችንና መመለሻችን ይጠፋል ብለው ሰግተው ነበር። ቻድ ከፈረንሳይኛ ጎን ዓረብኛንም የሥራ ቋንቋዋ ያደረገች አገር በመሆኗ ሽግግሩ ከቋንቋ አንጻር ቀለል አለ። በገዳሪፍ ላሉ የትግርኛና የአማርኛ ተናጋሪ ልጆች ግን እንዲህ ያለ ድልድይ የለም።

አቅጣጫው ሲገለበጥ

ሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦር ኃይልና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተቀሰቀሰው ጦርነት የስደቱን አቅጣጫ ቀየረው። ሱዳን እስከዚያ ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን የምታስተናግድ አገር ነበረች። በጥቅምት 2023 ዩኒሴፍና ሴቭ ዘ ችልድረን ባወጡት መግለጫ 19 ሚሊዮን የሱዳን ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን፣ ግጭት በደረሰባቸው አካባቢዎችም ቢያንስ 10 ሺህ 400 ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውን አስታወቁ።

ገዳሪፍ በአንጻራዊ ሁኔታ ሰላም ያገኘች ግዛት በመሆኗ ከካርቱም፣ በታኅሣሥ 2023 ዋድ መዳኒ ከተያዘች በኋላም ከጀዚራ ግዛት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከሰናር የተፈናቀሉ ሰዎች ጎረፉባት። የትምህርት ቤት ሕንፃዎች የተፈናቃዮች ማደሪያ ሆኑ። የግዛቷ የራሷ ልጆች፣ ከሌሎች ግዛቶች የመጡ ተፈናቃዮችና ቀድመው የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ለጥቂት ክፍሎች ተሻሙ።

በመተማ በኩል የተሻገሩት ሱዳናውያንና በሱዳን ተጠልለው የነበሩ የሌሎች አገራት ዜጎች በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ ጣቢያዎች ሰፈሩ። ይሁንና ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የተባባሰው ግጭት ለእነሱም ተረፈ። ተደጋጋሚ ጥቃትና ዘረፋ ደረሰብን ያሉ ስደተኞች በግንቦት 2024 ጣቢያዎቹን ለቅቀው በመንገድ ዳር ሰፈሩ፤ በኋላም አፍጢት ወደተባለ አዲስ ጣቢያ የተዛወሩ አሉ። ግጭቱ በክልሉ በርካታ ትምህርት ቤቶችን በመዝጋቱ፣ የአስተናጋጁ ማኅበረሰብ ልጆችና የስደተኞቹ ልጆች በአንድ ጊዜ ከትምህርት ራቁ።

ለሱዳን ተማሪዎች ትልቁ መሰናክል የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ነው። በጦርነቱ ምክንያት ሲራዘም የቆየው ፈተና በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ መንግሥት በሚቆጣጠራቸው ግዛቶችና በውጭ አገር በተከፈቱ አንዳንድ ጣቢያዎች ተሰጠ። ያን ጊዜ መድረስ ያልቻለ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያበቃውን ወረቀት ለማግኘት እንደገና መጠበቅ ነበረበት።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1951 የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 22 ሁለት ነገሮችን ይደነግጋል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በተመለከተ ስደተኞች ከአገሩ ዜጎች እኩል ይስተናገዳሉ። ከዚያ በላይ ባለው ደረጃ ደግሞ ለሌሎች የውጭ ዜጎች ከሚሰጠው ያላነሰ መብት ይኖራቸዋል፤ አንቀጹ የውጭ የትምህርት ማስረጃዎችን እውቅና፣ የክፍያ ቅነሳንና የነፃ ትምህርት ዕድልን በስም ይጠቅሳል። የወረቀቱ ጉዳይ አዲስ ችግር አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ኢትዮጵያና ሱዳን ሁለቱም የስምምነቱ አባል ናቸው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ስትቀበል ስለ መጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚናገረውን ክፍል እንደ ግዴታ ሳይሆን እንደ ምክረ ሐሳብ እንደምታየው አስመዝግባ ነበር። በ2019 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ግን ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች በቅድመ መደበኛና በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከዜጎች እኩል እንዲስተናገዱ ደንግጓል። ሁለተኛ ደረጃና ከፍተኛ ትምህርት በአገሪቱ አቅምና ፖሊሲ ላይ የተመሠረተ ነው።

በታኅሣሥ 2017 የኢጋድ አባል አገራት የትምህርት ሚኒስትሮች ያጸደቁት የጅቡቲ መግለጫ ስደተኞችን በብሔራዊ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ለማካተትና የትምህርት ማስረጃዎችን ለማወቅ ቃል የገቡበት ነው። ከዚያ ቀደም በታኅሣሥ 2014 በአፍሪካ የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎች በየአገሩ እውቅና የሚያገኙበት የተሻሻለ ስምምነት በአዲስ አበባ ጸድቋል። “የአዲስ ስምምነት” በመባል የሚታወቀው ይህ ሰነድ በታኅሣሥ 2019 በሥራ ላይ ውሏል። በ2023 በሥራ ላይ የዋለው የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ስምምነትም የተሟላ ሰነድ ለሌላቸው ስደተኞች ችሎታቸው በሌላ መንገድ የሚመዘንበት ሥርዓት እንዲኖር ይጠይቃል።

ሰነዶቹ በአብዛኛው ስለ ከፍተኛ ትምህርት የሚናገሩ ናቸው። በድንበሩ ላይ ያለው ችግር ግን በብዛት የሚታየው ከዚያ በታች፣ ከአምስተኛ ወደ ስድስተኛ፣ ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ በሚደረገው ዝውውር ነው። እዚያ ውሳኔው በትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርና በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደረጃ ይወድቃል።

የነፃ ትምህርት ዕድል፦ ጠባብ ነገር ግን የተፈተነ በር

ኢትዮጵያ ለሌሎች አፍሪካውያን የትምህርት በሯን የከፈተችው ቀደም ብላ ነው። በ1958 በአክራ በተካሄደው የነፃ አፍሪካ አገራት ጉባኤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለ200 አፍሪካውያን ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል እንደሚሰጡ ተገለጸ፤ በየዓመቱ 50 ተማሪዎች ለአራት ዓመታት ማለት ነው። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎች አገራት የመጡት ወጣቶች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከኢትዮጵያውያን ጋር በአንድ ግቢ ኖሩ። ስለ ፖለቲካ የነበራቸው ግልጽነትና ስለ አፍሪካ የነበራቸው አመለካከት በኢትዮጵያ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ላይ አሻራ መተዉን የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል። ዕድሉ የተሰጠው ለእንግዶቹ ቢሆንም አስተናጋጆቹንም ለውጧል።

ከኢትዮጵያ ለተሰደዱ ወጣቶችም እንዲሁ በር የከፈቱ ነበሩ። በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊ ሂዩ ፒልኪንግተን በ1970ዎቹ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ተማሪዎችን በራሱ ገንዘብ መርዳት ጀመረ። ከዚያ ጥረት የተወለደው የዊንድል የትምህርት ድርጅት ዛሬም ሱዳንን ጨምሮ በአፍሪካ አገራት ይሠራል። በ1992 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተጀመረውና ራሱ ስደተኛ በነበረው በአልበርት አይንስታይን ስም የተሰየመው “ዳፊ” የተባለው ዕድል ደግሞ ስደተኞች በተጠለሉበት አገር ዩኒቨርሲቲ እንዲማሩ ይረዳል፤ ኢትዮጵያና ሱዳን ሁለቱም ዕድሉ ከሚሰጥባቸው አገራት ናቸው። ከ2019 ጀምሮም በኢትዮጵያ የነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞች በጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩበት መንገድ ተከፍቷል።

ሆኖም በሩ ጠባብ ነው። በዓለም ላይ ከፍተኛ ትምህርት የሚከታተሉ ስደተኞች ድርሻ በ2019 ከመቶ ሦስት ገደማ ነበር፤ ዩኤንኤችሲአር በ2023 ባወጣው ዘገባ ወደ ሰባት ከፍ ብሏል። ግቡ በ2030 ከመቶ 15 ማድረስ ነው። ከሁሉም በላይ እያንዳንዱ ዕድል በመጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት።

ካላዛር ያገናኛቸው ዩኒቨርሲቲዎች

በዚህ ድንበር ላይ የዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የካላዛር ምርምር ነው። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውና ካልታከመ የሚገድለው ይህ በሽታ ከሚበረታባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ከገዳሪፍ እስከ መተማና ሁመራ ያለው ጥቁር አፈር ነው። በሽታው በተለይ የቀን ሠራተኞችንና ሕፃናትን ያጠቃል። ዝንቧ ድንበር ስለማታውቅ አንዱ አገር ብቻውን ሊቋቋማት አይችልም።

በ2003 በካርቱም የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የሌሽማንያሲስ መድረክ የሱዳን፣ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የኡጋንዳ ተመራማሪዎችን አሰባሰበ። በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተሳታፊዎች ናቸው። በገዳሪፍ ገጠር ያሉ ሆስፒታሎችና የጎንደር ሆስፒታል በአንድ የጥናት ዕቅድ ሕሙማንን አከሙ። ነርሶችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች በአንድ መመሪያ ሠለጠኑ።

ውጤቱ በሕሙማኑ አካል ላይ ታየ። ቀድሞ 30 ቀን ይፈጅ የነበረው የመርፌ ሕክምና በሁለት መድኃኒቶች ጥምረት ወደ 17 ቀን አጠረ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ እንዲውል መከረ። በኋላ የዶካ ሆስፒታልን ባካተተ ሌላ ጥናት ወደ 14 ቀን የሚያወርድ አማራጭ ተፈትኗል። ለአንድ የቀን ሠራተኛ ይህ ልዩነት በአልጋ የሚያሳልፈውን የአጨዳ ጊዜ በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል።

ትብብሩ የተሠራው ሁለቱ መንግሥታት በአልፋሽጋ መሬት ላይ በሚወዛገቡበት ዘመን ነው። የፖለቲካው ግንኙነት ሲቀዘቅዝም በአንድ ዓይነት ቅጽ የሚመዘገበው የሕሙማን መረጃ በሁለቱም ወገን ይነበብ ነበር። ለትምህርት ቤቶች የጎደለው ይኸው ነው፤ ሁለቱም ወገን የሚያነበው አንድ መዝገብ።

ከክፍል ውጭ ያለው ትምህርት

ባህሉ ግን ማኅተም ሳይጠብቅ ይሻገራል። የሁለቱ አገራት ሙዚቃ በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ የሱዳን ዜማ ለኢትዮጵያዊ፣ የኢትዮጵያውም ለሱዳናዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ታላቁ ሱዳናዊ ድምፃዊ መሐመድ ወርዲ በ1990 በጋምቤላ ኢታንግ ለተጠለሉ ደቡብ ሱዳናውያን ስደተኞች መዝፈኑ እስከ ዛሬ ይነሣል። ቡና በሁለቱም ወገን በጀበና ይፈላል፤ ስሙም ያው ነው። በመተማና በጋላባት ገበያ ነጋዴው እንደ ገዢው ከአማርኛ ወደ ዓረብኛ ይቀያይራል።

በዚህ መካከል ያደጉ ልጆች ሁለትና ሦስት ቋንቋ ይናገራሉ። በሌላ ቦታ ወላጆች ገንዘብ ከፍለው የሚያስተምሩት ችሎታ ነው። ይሁንና አማርኛን በገዳሪፍ፣ ዓረብኛን በመተማ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት የሚመዝን ፈተና ባለመኖሩ፣ ችሎታው በውጤት ካርዳቸው ላይ ቦታ የለውም።

ተማሪዎችና ወላጆች ምን ቢይዙ ይጠቅማል?

የስደተኛ ትምህርት ጉዳይ የሚወሰነው በመንግሥታት ቢሆንም ቤተሰቦች ሊያደርጉ የሚችሉት ጥቂት ነገር አለ።

የውጤት ካርድ፣ የፈተና መግቢያ ወረቀትና የልደት ማስረጃ ካለ ዋናውን መያዝ፤ ካልተቻለም በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለዘመድ መላክ። ብዙዎች በሽሽት ወቅት ወረቀቱን አጥተው ከፎቶው የክፍላቸውን ደረጃ ማስረዳት ችለዋል።

በመጠለያ ጣቢያ የሚሰጥ ትምህርት መደበኛ ባይሆንም የተማሩበትን ጊዜ፣ ክፍልና የትምህርት ዓይነት የሚገልጽ ደብዳቤ መጠየቅ። ለምደባ ፈተና መነሻ ይሆናል።

በኢትዮጵያ በውጭ አገር የተገኘ የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ስደተኞች ደግሞ በስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት በኩል ስለ ምዝገባና ስለ ነፃ የትምህርት ዕድሎች መጠየቅ ይችላሉ። ለዳፊና ለመሳሰሉት ዕድሎች ማመልከት ነፃ ነው፤ ለቅጽ ወይም ለ“ምዝገባ” ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ መጠርጠር ይገባል።

ከሁሉም በላይ ልጁ ክፍል ቢደግምም ከትምህርት እንዳይርቅ ማድረግ። ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት የተቋረጠ ተማሪ፣ በተለይም ሴት ልጅ፣ የመመለስ ዕድሏ በእጅጉ ይመነምናል።

በ1985 በኡም ራኩባ ዳስ ውስጥ ፊደል የቆጠረ ልጅ ዛሬ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ጎልማሳ ነው። በ2020 በዚያው ስፍራ የተማሩ ልጆች አባት፣ ወይም አጎት ሊሆን ይችላል። ከመተማ ማዶ የሱዳን ልጆችም ተራቸው ደርሶ ዳስ ውስጥ ተቀምጠዋል። በሦስቱም ጊዜ ክፍል የሚከፍት፣ ጠመኔ የሚያቀብልና የሚያስተምር ሰው አልጠፋም። እስካሁን ያልተገኘው የትምህርቱን ዓመት ቆጥሮ በሌላው ወገን የሚያስመዘግብ ማኅተም ነው።